የተነቀሰ ሳቅ

ስልኩ ላይ የወጣው ስም የእሷ ነበር፤ ድምፁ ግን የእሷ አልነበረም።

«ኢዮስያስ ነህ? ማሩ ነኝ። የእታገኘሁ ወንድም።»

«አቤት ማሩ። ምነው? ሰላም አይደላችሁም?»

«አፏ አልከፈት ብሏል። አንገቷ ድረስ አብጧል። ጤና ጣቢያ ወስደናት መርፌ ወጉና ጎንደር አድርሷት አሉን። አምቡላንሱ ወላድ ይዞ ወጥቷል፤ እሁድ ስለሆነ መኪናም የለ።» ማሩ ትንፋሹን ሰበሰበ። «አትደውልለት ብላኝ ነበር። በእጇ ነው ያለችኝ፤ መናገሩንማ ከየት ታመጣዋለች። ግን ከአንተ ሌላ መኪና ያለው ሰው አናውቅም።»

ኢዮስያስ የእናቱን መኪና ቁልፍ አንስቶ ወጣ። እናቱ ከቅዳሴ አልተመለሱም ነበር። ሞተሩን ሲያስነሳ፣ ከተማውን ሲለቅ፣ ኬላው ላይ ቆሞ መታወቂያ ሲያሳይ፣ በጆሮው ውስጥ የቀረው እብጠቱ አልነበረም። «አትደውልለት ብላኝ ነበር» የሚለው ነበር።

ከጎንደር ወደ ትክል ድንጋይ የሚወስደውን መንገድ ሁልጊዜ በደስታ ነበር የሚነዳው። ኢዮስያስ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሥነ ቃል ያስተምራል። ባለፈው ዓመት የልጆች መዝሙር ሊሰበስብ እዚያች ከተማ ትምህርት ቤት ሲሄድ፣ አፀደ ሕፃናት ክፍል ውስጥ አንዲት መምህርት ወለል ላይ ተቀምጣ ከልጆቿ ጋር ስትስቅ አገኛት። ድዷ ላይም ታችም ተነቅሷል። ጠቆር ባለው ሰማያዊ መሐል ጥርሷ ገና እንደታለበ ወተት ነጭ ነበር። ከልጆቹ አንዷ ጣቷን ወደ መምህርቷ አፍ ቀስራ፣

«ቲቸር፣ ሰማይ በልተሽ ነው?» አለቻት።

«አዎ» አለች እታገኘሁ። «ትንሽ ቆርሼ። ለናንተም አስቀርቻለሁ።»

ያን ቀን መቅረጫውን ሳይከፍተው ተመለሰ። ከዚያ በኋላ ስንት ጊዜ ሄደ፤ ስንት ጊዜ «ይህን ሳቅሽን ከፊቴ እንዳታርቂው» አላት። እሷም የገጠር ልጅ መሆኗን፣ አባቷ በሬ ጠምዶ ያስተማራት መሆኑን፣ የእሱ እናት ደግሞ ከተማው በሙሉ የሚያውቃቸው የጥርስ ሐኪም መሆናቸውን እያነሳች ስትፈራ፣ «እማዬ ትወድሻለች» ይላት ነበር። ደስ የሚል ነገር መናገር ይችልበታል። ችግሩም ይኸው ነበር፤ ፊት ለፊቱ ላለው ሰው ሁሉ ደስ የሚለውን ነገር መናገር ይችልበታል።

በቅበላው ሰሞን እናቱ ዶክተር ፍሬ ለምሳ ጠሯት። ሁለት የሥራ ባልደረቦቻቸውም ነበሩ። እታገኘሁ ከአባቷ ቀፎ የተቆረጠ ማር ይዛ መጣች። ማዕዱ ላይ አንድ ጊዜ ብቻ ሳቀች፤ እንግዶቹም እርስ በርስ ተያዩ። እጇን ልትታጠብ ስትነሳ ዶክተር ፍሬ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ሸጋ ልጅ ናት። አንደበቷም ጥሩ ነው። ድዷ ግን… እስቲ አስበው ኢዮስ፣ የጥርስ ሐኪም ምራት እንዲህ ሆና ሰው ምን ይለኛል?»

ከአፉ የወጣው ሳያስብበት ነው። ቃላት እንዲህ ሲገጣጠሙለት ራሱን መያዝ አይሆንለትም።

«ምን ያስጨንቅሻል እማዬ? የተነቀሰ አይደል? ነቅሶ ማውጣት ነው!»

ማዕዱ በሳቅ ፈረሰ። ዶክተር ፍሬ ዕንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ኢዮስያስም ሳቀ፤ ቀና ሲል እታገኘሁ በሩ ላይ ቆማለች። እጇ አልደረቀም፤ ውሃው ከጣቶቿ ጫፍ ላይ ይንጠባጠባል። ነጠላዋን ወደ አፏ ሳብ አድርጋ እሷም ፈገግ አለች። ምን እንዳሳቃቸው አልጠየቀችም። እሱም አልነገራት። መናኸሪያ ሲሸኛት ሊጠይቃት አፉን ከፈተና ስለ መንገዱ አቧራ አወራ። አልሰማችም ብሎ ለራሱ ነገረው። ከዚያ በኋላ ሲደውል አታነሳም፤ «ደህና ነኝ» የምትል አጭር መልእክት ትልካለች። ጾሙ ነው አለ። ሥራ በዝቶባት ነው አለ። ለራሱ ሲናገርም አንደበቱ ይጣፍጥ ነበር።

*

እታገኘሁ ቤት ውስጥ መደብ ላይ ወደ ፊት ጎንበስ ብላ ተቀምጣለች። ነጠላዋ እስከ ዓይኗ ሥር ተጠቅልሏል፤ ምራቋን መዋጥ ስላልቻለች በጨርቅ ትቀበለዋለች። ኢዮስያስ ሲገባ ቀና ብላ አየችው። ዓይኗ ከእብጠቱ በላይ ብቻውን ቀርቷል። አንድ አፍታ ካየችው በኋላ ፊቷን ወደ ግድግዳው መለሰች።

ማሩ ከፊት፣ እሷና እናቷ ወይዘሮ ወርቅውሃ ከኋላ ሆነው ተጓዙ። ኢዮስያስ መስተዋቱን ወደ እሷ አዘነበለው። በመስተዋቱ ውስጥ የሚታየው ግንባሯና የተጨፈነ ዓይኗ ብቻ ነበር። መኪናው ጉድጓድ ሲመታ ዓይኗ ይከፈታል፤ ዓይኗ ሲከፈት ደግሞ መስተዋቱ ውስጥ ይገናኛሉ፤ ወዲያው መልሳ ትጨፍነዋለች።

«እኔው ነኝ» አሉ ወይዘሮ ወርቅውሃ ለማንም ሳይሆን። «በዚህ በእጄ ነው ልጄን።»

«ኧረ ተይ እማ» አለ ማሩ።

«ምኑን ልተው? እኔ አይደለሁ የነቀስኳት? ድዷን ያጠነክርላታል፣ ጥርሷን ያወጣላታል ብዬ። እሾሁን እሳት አላስነካሁት ይሆናል። ጥቀርሻውም ከኩራዝ አልነበረም፤ ከምጣድ ቂጥ ነው የፋቅሁት። ይኸው ዛሬ አፈላው።»

«እማማ፣ ያ እኮ ድሮ ነው» አለ ኢዮስያስ። «ይህን ያህል ዓመት ቆይቶ አያብጥም።»

«ታዲያ ምነው አበጠ? አንተ የተማርክ ነህ፤ ንገረኝ እስቲ።»

የተማረው ሰው መስተዋቱን አየ። እታገኘሁ ዓይኗን ከፍታ ትጠብቀው ነበር። ፍጥነት ጨመረ።

ጎንደር ሲደርሱ፣

«እማዬ ጋ እንሄዳለን» አለ።

ከኋላው እጅ ትከሻውን ጨመደደው። እታገኘሁ ጭንቅላቷን በኃይል ትወዘውዛለች። ከታሰረው መንጋጋዋ ውስጥ አንድ ድምፅ ወጣ፤ ቃል አልነበረም፣ ግን እምቢ ማለት ነበር።

«እሺ፣ እሺ። ሌላ እንፈልጋለን።»

ከዚያች ቅጽበት በላይ በኋላ ያፈረበት ነገር የለም። እምቢ ስትል እሱም ቀለል አለው። እናቱና እታገኘሁ በዚያ አፍ ላይ ጎንበስ ብለው አንድ ክፍል ውስጥ እንዲገናኙ አልፈለገም ነበር። ስለዚህ የእሷን እምቢታ ሰበብ አድርጎ ከተማውን ዞረ። የመጀመሪያው ክሊኒክ በር ላይ ትልቅ ቁልፍ ተንጠልጥሏል። ሁለተኛው ጋ ዘበኛው ከወንበሩ ሳይነሳ፣ ዶክተሩ ደባርቅ ለቅሶ ሄደዋል አላቸው። ሦስተኛው ክፍት ነበር፤ መብራት ግን ጠፍቷል። ነጭ ጋዋን የለበሰው ወጣት እስከ መኪናው ወጥቶ በስልኩ መብራት የእታገኘሁን አገጭ ሥር ዳሰሰና እጁን ቶሎ ሰበሰበ።

«ይሄ የኔ አይደለም ወንድሜ። እንዲህ ያለውን በዚህ ከተማ የሚያውቁት ዶክተር ፍሬ ናቸው። ዛሬ ቤታቸው ናቸው፤ ክሊኒኩም እዚያው ግቢ ነው። ቦታውን ላሳይህ?»

«አውቀዋለሁ» አለ ኢዮስያስ።

«ታዲያ ምን ትጠብቃለህ?»

ማሩ ዞር ብሎ አየው። «ዶክተር ፍሬ እናትህ አይደሉ እንዴ?»

ኢዮስያስ መኪናውን ወደ እናቱ ግቢ አዞረ። በዚያች መንገድ ላይ ከኋላው የሚሰማው የእታገኘሁ ትንፋሽ ብቻ ነበር፤ በጠባብ ቀዳዳ እንደሚያልፍ ነፋስ ያፏጫል። እሱ ያዞራት እያንዳንዱ ጎዳና በዚያ ፉጨት ውስጥ እንዳለ ተሰማው።

*

ዶክተር ፍሬ የቅዳሴ ነጠላቸውን እንኳ አላወለቁም፤ ወደ ኋላ አጣፍተው አሰሩት። እታገኘሁን ወንበሩ ላይ ቀጥ አድርገው አስቀመጧት፤ አላስተኟትም። መብራቱን አወረዱ።

«እስከቻልሽው ክፈቺ የኔ ልጅ። አይዞሽ። በቃ፣ በቃ፣ ይበቃኛል።»

አዩ። ፊታቸው ተቀየረ።

«ይሄ ከጥርስ የመጣ አይደለም። ተቃጥሏል። ከምላስሽም ሥር ገብቷል። ምን ቀባሽበት?»

እታገኘሁ ዓይኗን ጨፈነች።

«እኔ ነኝ እመቤቴ» አሉ ወይዘሮ ወርቅውሃ በሩ ላይ እንደቆሙ። «እኔ ነኝ የነቀስኳት። እሷን አይቆጡብኝ፤ እኔን ይቆጡኝ።»

«እርስዎን አይደለም እናቴ። ትንሽ ይታገሱኝ።» ዶክተር ፍሬ ወደ እታገኘሁ ተጠጉ። «ስሚኝ። እብጠቱ ወደ ጉሮሮሽ እየወረደ ነው። ሆስፒታል ይዤሽ እሄዳለሁ፤ ይከፍቱታል፤ መግሉ ይወጣል። ግን ያቃጠለሽ ምን እንደሆነ ካልነገርሽኝ እነሱም በጭፍን ነው የሚሠሩት። አልቆጣሽም። ማንም አይቆጣሽም።»

ከጥርሷ መሐል ቃላቱ አንድ በአንድ ወጡ።

«ፀዳ ከተማ… አንዲት ሴት አለች። ንቅሳት አጠፋለሁ… የምትል። ውሃ የመሰለ ነገር ነው። ሽታው… ዓይን ያቃጥላል።»

«አሲድ ነው። ወይኔ ልጄን። ለምን? ማን አድርጊ አለሽ?»

እታገኘሁ ያየችው ዶክተሯን አልነበረም። ከትከሻቸው በላይ አሻግራ ኢዮስያስን አየችው። በዓይኗ ውስጥ ቁጣ ቢኖር ኖሮ ይቀለው ነበር፤ ያለው ግን እፍረት ነበር፣ የእሱን እፍረት እሷ ተሸክማዋለች።

«ነቅሼ…» አለች፤ ምራቋን ጠረገች። «ነቅሼ ላወጣው… ብዬ።»

ወይዘሮ ወርቅውሃ ይህን እንደ ማንኛውም ንግግር ሰሙት። ማሩም እንዲሁ። የዶክተር ፍሬ እጅ ግን መብራቱን እንደያዘ አየር ላይ ቆመ። ቀስ ብለው ዞረው ልጃቸውን አዩ። በዚያ ክፍል ውስጥ የዚያን ቃል ሳቅ የሚያውቁት ሦስት ሰዎች ነበሩ፤ ከሦስቱ አንዷ መሳቅ አትችልም።

*

ሆስፒታል ውስጥ የቀዶ ሕክምናው ክፍል በር ሲዘጋ ዶክተር ፍሬም አብረው ገቡ። ውጭ ረጅሙ አግዳሚ ወንበር ላይ ሦስቱ ቀሩ። ማሩ ይነሳል፣ ይቀመጣል። ወይዘሮ ወርቅውሃ ቀኝ እጃቸውን ጭናቸው ላይ ዘርግተው የሰው ዕቃ እንደሚያይ ሰው ያዩታል።

«ለፋሲካ የጎረቤት ልጆች ንቀሺን ብለውኝ ነበር» አሉ። «እሺ ብያቸው ነበር። ሁለተኛ እሾህ አልይዝም። ሁለተኛ! ይህ እጅ ይቆረጥ!» እጃቸውን ከግድግዳው ጋር አጋጩት።

«እማ!» አለ ማሩ፤ ያዛቸው።

«ልቀቀኝ! ልጄ እኮ ናት። አምሮባት ይታይ ብዬ የገደልኳት እኔ።»

ዝም ማለት ይቻል ነበር። ኢዮስያስ ይህን በደንብ አወቀው። እታገኘሁ አትናገርም፤ እናቱም ልጃቸው ነውና አይናገሩም። አሮጊቷ ጥፋቱን ራሳቸው ላይ አስረውታል፤ ቋጠሮውን የሚፈታው ሰው ካልመጣ እስከ መቃብር ይዘውት ይሄዳሉ። ከፋሲካ በኋላ ሽማግሌ ይላካል፣ ሠርግ ይሆናል፣ እሳቸውም ሙሽራው ፊት እጃቸውን ደብቀው ይቀመጣሉ። ሁሉም ነገር እንዲህ ሊያምር ይችላል። ያቺ ትንሽ ምቾት መኪናው ውስጥ ቀለል እንዳለው ጊዜ መጥታ ልቡ ውስጥ ልትቀመጥ ስትል፣ ተጸየፋት።

ተነስቶ ፊታቸው በርከክ አለ።

«እማማ፣ እጅዎን ይተዉት። የእርስዎ እጅ አይደለም። የእኔ አፍ ነው።»

«ምን አልከኝ?»

ነገራቸው። ምሳውን፣ እንግዶቹን፣ እናቱ ያሉትን። ከዚያ ቀልዱን መድገም ነበረበት። ድምፁን ዝቅ አድርጎ «የተነቀሰ አይደል፣ ነቅሶ ማውጣት ነው ብዬ» ሲል ቃላቱ መሬት ላይ የወደቁ ያህል ሆነበት። የእታገኘሁን እርጥብ እጅ ነገራቸው። ማየቱንም ነገራቸው፤ አይቶ ዝም ማለቱንም።

ማሩ አጠገቡ ቆሟል። ጡንቻው ተወጥሯል፤ ድምፁ ግን ቀጭን ነበር።

«ሳቁ?»

«ሳቁ።»

«አንተስ?»

«እኔም።»

«እሷ እየሰማች?»

«አዎ።»

ማሩ እጁን አነሳ። ኢዮስያስ ፊቱን አላዞረም፤ እንዲመታው ፈለገ። ማሩ ግን እጁን አውርዶ ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጠና ራሱን ያዘ።

«እንደ ታላቅ ወንድሜ አያ ብዬ ልጠራህ ነበር እኮ» አለ። «ለጓደኞቼ ሁሉ ነግሬያቸዋለሁ። አያ ኢዮስያስ እያልኩ።»

ወይዘሮ ወርቅውሃ ከንፈራቸው እየተንቀሳቀሰ ቀልዱን በውስጣቸው ደገሙት።

«የተነቀሰውን ነቅሶ ማውጣት…» አሉ በመጨረሻ። «ሸጋ አድርገህ ነው የገጠምከው። እኔም ብኖር እስቅ ነበር።»

«እማማ እባክዎ…»

«አልሰድብህም ልጄ። እውነቴን ነው።» አፋቸው ላይ የነበረውን ነጠላ አወረዱ። ጠዋት ከቤታቸው ከወጡ ጀምሮ አላወረዱትም ነበር። ድዳቸው እንደ ልጃቸው ሰማያዊ ነው፤ በዕድሜ ብዛት ጠርዙ ደብዝዟል፣ ጥርሳቸውም ሳስቷል። «ስነቅሳት እንባዋ ሲወርድ ልተወው አልኳት። "እማ፣ ስጨርስ አንቺን እመስላለሁ?" አለችኝ። አዎ ስላት አፏን መልሳ ከፈተችልኝ።» ነጠላቸውን መልሰው አልሸፈኑም። «እኔን መምሰሏን ነው ያጠፋችው። ያ ነው ያንገበገበኝ። ሌላው ይድናል።»

ኢዮስያስ ይቅርታ ሊል አሰበ። ቃሉ ለዚህ ትንሽ ነበር፤ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ቃል አነሰው።

በሩ ተከፈተ። ዶክተር ፍሬ ቆባቸውን እያወለቁ ወጡ።

«ትተነፍሳለች» አሉ። ሁሉም ተነሱ። «ሌላው ሁሉ ቀስ በቀስ ነው። ሁለት ጥርሷን አጥታለች። ከድዷም የሞተውን ሥጋ ቆርጠን አውጥተናል። ግን ትተነፍሳለች።»

ወይዘሮ ወርቅውሃ እግራቸው ላይ ሊወድቁ ጎንበስ ሲሉ ዶክተር ፍሬ ቀደሙና ትከሻቸውን ይዘው አቆሟቸው። የልጃቸውን ፊት አዩ፤ የማሩን አዩ፤ ምን እንደተነገረ ለመጠየቅ አላስፈለጋቸውም።

«ነገራችሁ?»

«ነገረን» አሉ ወይዘሮ ወርቅውሃ።

«ቀልዱ የእሱ ነው። ነገሩን ያነሳሁትና የሳቅሁት ግን እኔ ነኝ።» ቆባቸውን በእጃቸው ጨመደዱት። «ስንት ሰው አፍ ከፍቼ አይቻለሁ። ስንቱ ያየኛል ብሎ ሲሸማቀቅ አይዞህ ብያለሁ። እሷን ብቻ በራሴ ማዕድ ላይ…»

አልጨረሱትም። ሁለቱ እናቶች እጅ ለእጅ ተያይዘው ቆሙ፤ ማን ማንን እንደያዘ አይለይም ነበር። ኢዮስያስ ከሁለቱም ራቅ ብሎ ቆመ። እነሱ ያላጠፉትን እንኳ ለመካፈል ሲሽቀዳደሙ፣ እሱ የራሱን ለመውሰድ ምን ያህል እንደዘገየ ያሰላስል ነበር።

*

እብጠቱ ሲጎድል ፊቷ ቀስ በቀስ ተመለሰ። በነዚያ ቀናት ኢዮስያስ ሆስፒታሉ ውስጥ ከክፍሏ በር ውጭ ይቀመጥ ነበር፤ ሾርባ ያመጣል፣ መድኃኒት ይገዛል፣ ያስጠራችኝ ቀን እገባለሁ ብሎ ይጠብቃል። አንድ ከሰዓት በኋላ ማሩ በሩን ከፍቶ፣ ሳያየው፣ «ግባ ብላሃለች» አለው። አያ አላለውም።

እታገኘሁ ትራስ ተደግፋ ተቀምጣለች። ነጠላዋ ትከሻዋ ላይ ነው፤ እጇ ግን ጫፉን ይዞ አፏን ጋርዷል። በመስኮቱ በኩል የከሰዓት ፀሐይ ገብቶ አልጋውን ለሁለት ከፍሎታል።

«ተቀመጥ» አለች። ንግግሯ ዝግ ያለ ነው፤ አንዳንዱ ፊደል በጎደሉት ጥርሶች በኩል ያመልጣታል። «ለእማ መናገርህን ሰማሁ።»

«ዘግይቼ ነው።»

«ዘግይተህ ነው።» የነጠላዋን ጫፍ ጨበጥ አደረገች። «ቀልዱ አይደለም የከፋኝ። ልጆቼ ከዚያ የባሰ ይቀልዱብኛል። እጄ እርጥብ እንደነበር አይተሃል?»

«አይቻለሁ።»

«ሰምታለች ብለህ አስበሃል?»

«አስቤያለሁ። ከዚያ አልሰማችም ብዬ ለራሴ ነገርኩት።»

«ለራስህም ትቀልዳለህ ማለት ነዋ።»

አንገቱን ደፋ። እሷም ወደ መስኮቱ አየች።

«መናኸሪያው ላይ ትጠይቀኛለህ ብዬ ጠበቅኩህ። ስለ አቧራ አወራኸኝ። መኪናው ሲነሳ ለራሴ ምን አልኩ መሰለህ? እሱ እስኪያወጣው ምን አስጠበቀኝ፣ እኔው አውጥቼ ልጠብቀው አልኩ። ለእናትህ አይደለም። ስስቅ አፌን እያየህ ሌላ ነገር እንዳታስብ ብዬ ነው።»

«እታገኘሁ፣ እኔ እኮ መጀመሪያ የወደድኩት…»

«አውቃለሁ። ነግረኸኛል። ለእናትህ ደግሞ ሌላ ነገርካቸው። የትኛው አፍህ ያንተ እንደሆነ ነው ያጣሁት።»

ይህን ስትል ድምጿን አላነሳችም። ከፍ ያለ ቃል ቢሆን ኖሮ ሊከራከረው ይችል ነበር።

«ሽማግሌዎቹን ላስቀር?» አለ በመጨረሻ። «ከፋሲካ በኋላ ብለን ነበር።»

በነጠላው ውስጥ ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ። ያለቀሰች መሰለውና ደንግጦ ተነሳ።

«ዛሬ ጠዋት እናትህ ምን እንዳሉኝ ታውቃለህ?» አለች፤ ያ ሳቅ ነበር፣ እያመማት የሚቆራረጥ። «እማን አስቀምጠው፣ በጣም ቁም ነገረኛ ሆነው፣ "ወይዘሮ ወርቅውሃ፣ ሲድንላት ከፈለገች መልሰው ይነቅሷት፤ ንጹሕ መርፌውን እኔ አቀርባለሁ፤ የምጣድ ጥቀርሻ ግን አይሆንም" አሏት። እማ ደግሞ ምን ትል መሰለህ? "እመቤቴ፣ እርስዎንም ልንቀስዎት?" ወይኔ፣ ሳቄ ገደለኝ!»

ሳቁ ሲያሸንፋት እጇ ከልምዷ ወደ ነጠላው ሄደ። ከዚያ መሐል መንገድ ላይ ቆመ። አሰበችበት። ቀስ ብላ እጇን ብርድ ልብሱ ላይ መለሰችውና ፊቷን ወደ እሱ አዞረች።

በሰማያዊው መሐል ቀላ ያለ ባዶ ቦታ አለ፤ ከሥሩ ሁለት ጥርስ ጎድሏል። በፀሐዩ ውስጥ ምንም የሚሸሽግ ነገር አልነበረም።

«አላስነቅሰውም» አለች። «እንዲህ ይቆያል። ዶክተሯም ሲድን ነጭ ሆኖ ይቀራል ብለውኛል። አንድ ቤት ውስጥ ስንኖር ብዙ እስቃለሁ፤ ታውቀኛለህ፣ ሳቂታ ነኝ። በሳቅሁ ቁጥር ታየዋለህ። ልጆቻችን "እማ፣ ይሄ ምንድነው?" ብለው ሲጠይቁኝ አጠገቤ ትቀመጣለህ፤ የምትመልስላቸውም አንተ ነህ፣ ሳትቀልድ። ይህን ከቻልክ ሽማግሌዎችህን ላክ። ካልቻልክ አልቀየምህም፤ መንገዱን ታውቀዋለህ።»

ኢዮስያስ የሚለው ነገር ፈለገ። አፉ ብዙ ቃል ያውቅ ነበር፤ ሁሉም ተሰልፈው መጡለት፣ የሚያምሩ፣ የሚገጣጠሙ። አንዱንም አላነሳም።

እሷም ቃል አልጠበቀችም። የእናቷ ጥያቄ እንደገና ትዝ ብሏት ሳቋ ተመለሰ፤ አፏን ሳትጋርድ፣ እያመማት፣ ወደ ፊቱ ሳቀች። የወደደው ሳቅ ያው ነበር፤ መሐሉ ላይ ግን እሱ ራሱ በቃል የቀደደው ቀዳዳ አለ። ዓይኑን ሊመልስ ፈለገ፤ እንደዚያ ቀን፣ እርጥቡን እጇን አይቶ እንደመለሰው። ደረቱ ውስጥ እየነደደው፣ ዕንባው ጉንጩ ላይ እየወረደ፣ ሳቋ እስኪያልቅ ድረስ ዓይኑን ሳይነቅል አያት።